አመል፣ አጥንትና የሰው ሥራ

የህንድ ፊልም በጅጅጋ ተመልካች አጥቶ አያውቅም። በሶማሊኛ ድምፅ ተሰጥቶት፣ «ሂንዲ አፍ ሶማሊ» እየተባለ፣ በየሻይ ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ ይታያል። ከድንበር ማዶ ሐርጌሳ ያለውም፣ ከወዲህ ቶጎ ውጫሌና ቀብሪ በያህ ያለውም ተመልካች ያንኑ ተዋናይ ያውቃል፣ በዚያው ታሪክ ያለቅሳል። አዲስ አበቤም ቢሆን በዚህ ጉዳይ በሶማሌው የሚስቅበት ምክንያት የለውም። የኛም ሲኒማ ቤቶች በአንድ ወቅት በህንድ ዘፈንና በህንድ ለቅሶ ሲናወጡ የኖሩ ናቸው። እንግዲህ የህንድን ፍልስፍና ከሳንስክሪት መጻሕፍት ቀድመን በፊልም በኩል አግኝተነዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከነዚያ ፊልሞች አንዱ «አዋራ» ይባላል። ለኛ ጆሮ የሚበን አፈር ይመስላል እንጂ በሂንዲ ትርጉሙ ቤት የለሽ፣ ተንከራታች እንደ ማለት ነው። ራጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ1951 አዘጋጅቶ ራሱ ተጫውቶበታል። የታሪኩ መነሻ አንድ ዳኛ ነው። ዳኛ ራጉናት የሌባ ልጅ ሌባ፣ የደግ ልጅ ደግ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። በዚህ እምነቱ ጃጋ የሚባለውን ሰው በራሱ ሥራ ሳይሆን በአባቱ ወንጀለኝነት ይፈርድበታል። ጃጋ የምር ሽፍታ ይሆንና የሚበቀልበትን መንገድ ያበጃል። የዳኛውን ሚስት ይጠልፋል፤ ስትመለስ ዳኛው ጥርጣሬ ገብቶት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ከቤት ያባርራል፤ የተወለደውን ልጅ ጃጋ ሌብነት እያስተማረ ያሳድገዋል። የዳኛው አጥንት ሌባ ሆነ ማለት ነው። የዳኛውን ቦታ ይዞ የተጫወተው የራጅ ካፑር የገዛ አባቱ ፕሪትቪራጅ ካፑር መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጣፍጠዋል።

ይህ ዳኛ ለኛ እንግዳ አይደለም። «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለን የምንተርት፣ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ብለን የምንመክር፣ ለጋብቻ አጥንት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ሶማሌውም ልጁን ገና በአፍላነቱ የአባቶቹን ስም በቃሉ እንዲደረድር ያስተምረዋል። ታዲያ ሰው ይዞት የሚወለደው ዝንባሌ አለ ወይ? ካለስ ክፉውን ወይም ደጉን የሚሠራው ሰውየው ነው ወይስ ዝንባሌው? ይህን ጥያቄ የህንድ ሊቃውንት አጥብቀው መርምረውታል። ጥያቄው በጅጅጋ ጎዳናዎች ላይ የወረቀት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነም ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

ሳንስክሪት ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቃል አለው። አንዱ «ሳምስካራ» ነው። ማንኛውም ሥራና ማንኛውም ሐሳብ ካለፈ በኋላ በልቡና ላይ የሚተወው አሻራ ማለት ነው። ሁለተኛው «ቫሳና» ነው። እነዚያ አሻራዎች ተጠራቅመው ሰውን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉት እኛ አመል የምንለውን ነገር ይሆናሉ። ሁለቱን ቃላት አንዱን በሌላው ቦታ የሚጠቀሙ ደራስያንም አሉና ልዩነቱን አናጥብቀው። ይልቅ የሚገርመው ቫሳና የሚለው ቃል ከማጠን፣ ልብስን በመልካም ሽታ ከመሙላት ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ይህን ምሳሌ ለመረዳት የጅጅጋን ሰው የሚያህል የለም። የሶማሌ ሴት «ደብቃድ» በምትለው ማጨሻ ላይ ፍም አድርጋ «ኡንሲ» ትጨምርበታለች፤ ቤቱን ታጥናለች፣ ልብሱን ታጥናለች። ፍሙ ይጠፋል፣ ጢሱ ይበናል፣ ልብሱ ታጥፎ ሣጥን ይገባል። ሣጥኑ ከቀናት በኋላ ሲከፈት ሽታው ቀድሞ ይወጣል። እሳቱ የለም፤ እሳቱ የሠራው ሥራ ግን አለ። የህንድ ፈላስፎች እንደሚሉት ሕፃን ወደዚህ ዓለም ሲመጣ እንደዚያ የታጠፈ ልብስ ነው። ከመወለዱ በፊት የነደደ እሳት ሽታ ይዞ ይመጣል።

ማስረጃችሁ ምንድን ነው ቢባሉ መልስ አላቸው። በጎተማ ስም የሚጠራው የ«ንያያ» የሎጂክ ትምህርት ቤት አዲስ የተወለደን ሕፃን ይጠቅሳል። ሕፃኑ ምንም ሳያውቅ ይደሰታል፣ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፤ ማንም ሳያስተምረው ወደ ጡት ይዞራል። በሐርሺን ሜዳ ላይ የተወለደ የግመል ግልገል እግሩ እየተንቀጠቀጠ እናቱ ሥር ሲገባ ያየ አርብቶ አደር ይህን ለመመስከር መጽሐፍ አያስፈልገውም። ያልቀመሱት ነገር አይናፍቅም፣ እንግዲያው ሕፃኑ ከዚህ በፊት ቀምሷል ይላሉ። ተከራካሪውም ዝም አላለም። ብረት ወደ ማግኔት የሚሳበው ቀድሞ ማግኔት ቀምሶ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብረቱም ወደ ሌላ ነገር ሳይሆን ወደ ማግኔት ብቻ የሚሄደው የራሱ ምክንያት ስላለው ነው፣ የሕፃኑም እንቅስቃሴ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፣ የፍላጎት ምክንያት ደግሞ ትዝታ ነው የሚል ነው። የ«ዮጋ ሱትራ» ደራሲ ፓታንጃሊም ሰውን ከሚያስጨንቁት አምስት ነገሮች መጨረሻ ላይ የሕይወትን ሙጥኝ ማለት ያስቀምጣል፤ የተማረውንም ሰው አይምርም ይላል። ተርጓሚዎቹ ቀጥለው፣ ገና የተፈለፈለ ትል እንኳ ሞትን የሚፈራው ቀድሞ ስለ ሞተ ነው ይላሉ።

እኔ በዳግም ልደት አላምንም። ማስረጃውም አልረታኝም። የተፈጥሮ ሳይንስ ሕፃኑ ጡት የሚፈልግበትን ምክንያት ባለፈ ሕይወት ውስጥ ሳይሆን ትውልድ በትውልድ ላይ ባስተላለፈው የአካልና የነርቭ አሠራር ውስጥ ያገኘዋል፤ ለኔ ይህ ይበቃል። አንባቢዬም ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲጥል አልጠይቀውም። ነገር ግን ዳግም ልደትን አስቀምጠን ሐሳቡን ስንመረምረው ዋጋው የማይቀንስ አንድ ነገር ይቀራል። በዚህ ፍልስፍና ዝንባሌ የመጀመሪያ ነገር አይደለም። ዝንባሌ የሥራ ልጅ ነው። ሰው አመለኛ ስለ ሆነ ሠራ ብቻ አይደለም የሚሉት፤ ስለ ሠራ አመለኛ ሆነ፣ አመለኛ ስለ ሆነ ደግሞ መሥራቱ ቀለለው ነው የሚሉት። ልብ በሉ፤ ሽታውን ያጠነው አባት ወይም አያት አይደለም፣ ያው ራሱ ነው። በፍልስፍናው መጻሕፍት ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሰው ሥጋውን ነው እንጂ የሥራቸውን ፍሬ አይደለም፤ የራሱን ጓዝ ይዞ ይመጣል። ዳኛ ራጉናት በሊቃውንቱ ዘንድ ቢቀርብ ኖሮ ምስክር አያገኝም ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይደለም። «ብሃጋቫድ ጊታ»ን ያነበበ ሰው የሚያደናቅፈው ቦታ አለ። አርጁና ዘመዶቹን ላለመግደል ቀስቱን ጥሎ ተቀምጧል። ክሪሽና ደግሞ በሦስተኛው ምዕራፍ፣ ፍጥረት ሁሉ ባሕርዩን ይከተላል፣ ዐዋቂውም ሳይቀር፣ መከልከል ምን ይጠቅማል ይለዋል። በአሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ይበልጥ ያጠብቅበታል። አልዋጋም ብትል ባሕርይህ ያስገድድሃል ነው የሚለው። እዚህ ላይ መጽሐፉን የሚዘጋ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ባሕርይ ካስገደደ ኃላፊነት የቱ ላይ ነው? መጽሐፉ ለክፉ ሥራ መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችልም ታሪክ አሳይቷል። ማኅተማ ጋንዲ ሕይወቱን በጊታ መራ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1948 ጋንዲን የገደለው ናቱራም ጎድሴም የክሪሽናንና የአርጁናን ነገር ለመከራከሪያው ጠቅሷል።

ግን ያው ሦስተኛው ምዕራፍ ከዚያች ከምታስደነግጠው ዐረፍተ ነገር ቀጥሎ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። መውደድና መጥላት በያንዳንዱ የስሜት ሕዋስ ላይ ተቀምጠዋል፤ በነሱ ሥልጣን ሥር አትግባ፣ መንገድ ላይ የሚያደቡ ጠላቶች ናቸው ይላል። እኔ እንደሚገባኝ ክሪሽና ድንበር እያሰመረ ነው። ባሕርይ መውደድንና መጥላትን እስከ ማምጣት ይደርሳል። ጥላቻው ሲመጣ አትከለክለውም፤ በልብህ ውስጥ ነው የሚነሣው። ከዚያ ወዲያ ግን የሽፍታና የመንገደኛ ጉዳይ ነው። ሽፍታው መንገድ ላይ መቆሙ የመንገደኛው ጥፋት አይደለም። ከሽፍታው ጋር አብሮ መዝረፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ዮጋ ቫሲሽታ» የሚባለው ሰፊ መጽሐፍ ደግሞ ጉዳዩን በእረኛ ቋንቋ ይናገረዋል። ወጣቱ ራማ ዓለም አስጠልቶት ለመምህሩ ለቫሲሽታ ይማረራል። መምህሩ ዕድል የሚባል ነገር የለም ይለዋል። ዕድል የምትሉት የትናንት ሥራችሁ ነው፤ የትናንት ሥራና የዛሬ ሥራ እንደ ሁለት አውራ በጎች ይዋጋሉ፤ የበረታው ያሸንፋል። የሶማሌ በጎች ሲዋጉ ያየ ሰው አውራ በግ ለመምታት ወደ ኋላ ተንደርድሮ እንደሚመጣ ያውቃል። የትናንቱ በግ የበረታበት ምክንያት ረጅም መንደርደሪያ ስላገኘ ነው። ይህ ምሳሌ ስለ አመል ከተነገሩት ሁሉ ለኔ የተሻለው ነው፤ ትናንትን አይክድም፣ ዛሬንም ባዶ አያደርግም።

አሁን ወደ ጅጅጋ ልመለስ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በፌዴራሉ መንግሥትና በክልሉ አስተዳደር መካከል የነበረው ፍጥጫ ፈንድቶ የፌዴራል ጦር ከተማዋ ገብቶ ነበር። በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት ሶማሌ ያልሆኑ የጅጅጋ ነዋሪዎች ተጠቁ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ ብዙ ሰው የኖረበትን ቤት ጥሎ ሸሸ። ሁከቱ ከጅጅጋ አልፎ ወደ ሌሎች የክልሉ ከተሞች ተዛመተ። በጥቃቱ ስማቸው የተነሣው «ሄጎ» የሚባሉት የተደራጁ ወጣቶች ነበሩ። የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ ሙሐመድ ዑመር ከሥልጣን ወርደው ነሐሴ 21 ቀን ታሰሩ፤ የቀረበባቸው ክስ ከዓመታት በኋላ፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ተቋርጦ ተፈቱ። ሶማሌ ጎረቤቶቻቸው ቤታቸው ደብቀው ያተረፏቸው ሰዎችም አሉ።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በተደጋጋሚ የሰማሁት ቃል «በደማቸው ነው» የሚል ነው። የተማረ ሰው ይለዋል፣ ያልተማረው ይለዋል። የካራማራን ጦርነት የሚያስታውስ ሽማግሌ ከ1970 ዓ.ም. ጋር ያያይዘዋል፤ በዚያ ዓመት መስከረም ጅጅጋን የያዘውን የሶማሊያ ጦርና በዚያው ዓመት የካቲት 26 የተገኘውን ድል ጠቅሶ፣ የዛሬውን የሰፈር ጎረምሳ የዚያድ ባሬ ወታደር ልጅ ያደርገዋል። ጅጅጋ ውስጥ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይነገራል። በዚያው 2010 ዓ.ም. መስከረም በአወዳይ የተገደሉትን ሶማሌዎች የሚያስብ ሰው ስለ ሌላው ወገን ያንኑ ቃል ይላል። በዚያ ጊዜ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ድንበር ከሁለቱም በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ነው። ሁሉም ወገን ስለ ሌላው ደም የሚያውቅ ሐኪም ሆኗል።

«በደማቸው ነው» የሚሉ ሰዎች ሊመልሱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከጅጅጋው ሁከት አንድ ወር ቀደም ብሎ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት «ጄል ኦጋዴን» እየተባለ ስለሚጠራው የጅጅጋ እስር ቤት ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በዚያ ውስጥ ሲገረፉና ሲዋረዱ የኖሩት እስረኞች በአብዛኛው ሶማሌዎች ናቸው። ገራፊዎቹስ? እነሱም ሶማሌዎች ነበሩ። ደም ይህን እንዴት ያስረዳዋል? ሥራ ግን ያስረዳዋል። ሰውን ማሠቃየት ለዓመታት የዕለት ሥራ በሆነበት ቦታ ማሠቃየት ይቀልላል። ከተማው ግቢ ውስጥ ምን እንደሚደረግ እያወቀ ዝም ማለትን ይለምዳል፤ ዝምታም ሥራ ነው፣ እሱም አሻራ ይተዋል። ፓታንጃሊ ስለ ዐመፅ ሲናገር ዐመፅን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ራስ የሠራው፣ ሌላውን ያሠራው፣ ሌላው ሲሠራ ደስ ብሎት ያጸደቀው። ሦስተኛውን ከዝርዝሩ ያላስቀረ ሰው የሰውን ልብ ያወቀ ሰው ነው።

ህንድን ግን ያለ ነቀፋ አላልፋትም። ይህን ሁሉ ያሰበች አገር ራሷ ሰውን በመወለዱ የምትፈርድበትን የካስት ሥርዓት አቁማለች። ፈላስፋው ዝንባሌ የሥራ ልጅ ነው ሲል መንደሩ በግልባጩ አነበበው። ዝቅ ብለህ ከተወለድህ ክፉ ሠርተህ መሆን አለበት፣ የሚገባህን አግኝተሃል አለው። የማይታየው ሥራ በሚታየው ልደት ተፈረደበት። ከዚያው ከተናቀው ወገን የተወለደው ዶክተር አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1927 በማሃድ ከተማ የማኑን ሕግ መጽሐፍ በአደባባይ ያቃጠለበት፣ በ1956 ደግሞ ከብዙ ሺሕ ተከታዮቹ ጋር ወደ ቡድሃ ሃይማኖት የገባበት ምክንያት ይኸው ነው። እንግሊዞችም በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ1871 ባወጡት ሕግ አንዳንድ የህንድ ነገዶችን በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለዩ፣ በልደት ወንጀለኛ ናቸው ብለው መዘገቡ። በህንድ አናጢነት ከአባት ወደ ልጅ ከተላለፈ ሌብነትም እንደዚያው ነው ተብሎ ነበር የታሰበው። ነገዶቹ ከዚያ መዝገብ የተፋቁት ህንድ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1952 ነው። «አዋራ» በተሠራ በዓመቱ ማለት ነው።

የኛው ጓዳም የጸዳ አይደለም። በደጋው አገር ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናቸው፣ ሲወለዱ ዐይናቸው ክፉ ነው ስንል ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው እንዳይሰድቡት አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፤ አዋጁ ተነገረ፣ ስድቡ ግን ከርሟል። በጅጅጋና በአካባቢዋ ደግሞ ቆዳ ፋቂው፣ ብረት ሠሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ «ገቦዬ» በሚል የጋራ ስም ይጠራሉ፤ ሌላው ጎሣ ልጁን አይድርላቸውም፣ ልጃቸውንም አያገባም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚነገረው አፈ ታሪክ አባታቸው በረሃብ ዘመን ርኩስ ሥጋ በላ የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ከቫሳና ጋር አስተያየው። አንድ ሰው በአንድ የረሃብ ቀን ያደረገው ነገር፣ እውነት ሆኖ ቢሆን እንኳ፣ ስንት ትውልድ ቆይቶ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ባሕርይ ሆነ። ሥራውን የሠራው ሌላ፣ ሽታው የተነገረበት ሌላ። ማሽተት የሚችል አፍንጫ ግን የለም፤ ሰውየው ጎሣው ካልተነገረ ማንም ለይቶ አያውቀውም።

እዚህ ላይ «የሶማሌው ‹መግ›ስ?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በ«ሔር»፣ ሰው ሲገደል ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን አይደለም፤ የቅርብ ጎሣው አዋጥቶ ይከፍላል። ለወንድ አንድ መቶ ግመል፣ ለሴት ሃምሳ ግመል የቆየው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ታዋቂውን መጽሐፉን ያሳተመው አይ. ኤም. ሉዊስ፣ የሶማሌ ፖለቲካ መሠረቱ ይኸው ካሳ በጋራ የሚከፍልና የሚቀበል ቡድን ነው ብሎ ጽፏል። ከሩቅ ሲታይ መግ ጥፋትን በዘር የሚያካፍል ይመስላል። ጅጅጋ የሚነበቡት ሁለቱም ቅዱሳት መጻሕፍት ደግሞ ይህን የሚቃወሙ ናቸው። ቁርኣን ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ይናገራል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም በአሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ልጅ ስለ አባቱ ኃጢአት አይጠየቅም ይላል።

እኔ ግን መግን የሚንቁትን አልከተልም። መግ ስለ ባሕርይ ምንም አይናገርም። የአጎት ልጅ ግመሉን የሚነዳው እሱም በደሙ ገዳይ ስለ ሆነ አይደለም፤ የአጎት ልጅ ስለ ሆነ ነው። ሸክሙን ይካፈላል እንጂ ጥፋቱን አይካፈልም። ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ሲቀመጡ የሚቆጥሩት ግመል ነው፣ የነፍስን ዝንባሌ አይደለም፤ ይህ ዕውቀት ማነስ ሳይሆን ልከኝነት ይመስለኛል። «በደማቸው ነው» ከሚለው የከተማ ምሁር ይልቅ ግመል የሚቆጥረው ሽማግሌ ለፍትሕ ይቀርባል።

የጎደለው ሌላ ነው። ግመሉ ተከፍሎ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ገዳዩ ከሥራው አሻራ ጋር ይቀራል። ትናንት እጁ አንድ ጊዜ ተነሥቷል፤ ለሁለተኛ ጊዜ መነሣት ይቀልለዋል። ይህን ወንድሙ ሊያዋጣለት አይችልም። የህንዱ ሊቅ የሚያየውን ሽማግሌው አያይም፤ ሽማግሌው የሚያየውን፣ የሟችን ቤተሰብና የነገውን ብቀላ፣ የህንዱ ሊቅ በዋሻው ውስጥ ተቀምጦ አያየውም። የሐምሌው ጉዳይ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ወደቀ። ሔር በጎሣና በጎሣ መካከል የሚደረግ ውል ነው። ከደጋ መጥቶ ሃያ ዓመት ሱቅ የከፈተ ሰው፣ ወይም የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ካህን፣ ጅጅጋ ውስጥ የሚቀበልለት ጎሣ የለውም። ማን ለማን ይክፈል?

ስለዚያ ቅዳሜ ሳስብ በሮቹ ናቸው ከአእምሮዬ የማይጠፉት። ሰው ሮጦ መጥቶ በር ሲያንኳኳ ባለቤቱ ለማሰብ ጊዜ የለውም። ፍልስፍና የለም፣ ምክር የለም፤ በሩ ይከፈታል ወይም አይከፈትም። ያን ጊዜ የሚሠራው በሰውየው ውስጥ የተጠራቀመው ነው። የከፈተችው ሴት በዚያች ደቂቃ ጀግና አልሆነችም። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ስትከፍት ኖራለች፤ እሳት ለመጫር ለመጣችው ጎረቤት፣ ለዒድና ለፋሲካ ሳህን ይዘው ለመጡት ልጆች፣ ወተት ለሚያዞረው ሰው። እጇ የበሩን መቀርቀሪያ ያውቀዋል። ዱላ ይዞ የወጣው ጎረምሳም በዚያች ደቂቃ አውሬ አልሆነም። እሱም የራሱ መንደርደሪያ ነበረው፤ የተሰበሰበበት፣ የጮኸበት፣ የተሸለመበት፣ ሌላው ሲመታ እያየ የሳቀበት ቀን ነበረው። ይህ ይቅርታ አይደለም። እንዲያውም ነገሩን ያከብደዋል፤ በስሜት ተነድቼ ነው ብሎ ማምለጥ አይችልምና። ስሜቱን ራሱ ነው ሲያጥነው የኖረው።

በዚያ ዓመት አሥራ ሰባት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ሙሉ ሰው ነው። ምናልባት ሚስት አግብቷል፤ ምናልባት ቶጎ ውጫሌ ዕቃ ያወርዳል፤ ምናልባት እንደ ማንም የኮሌጅ ተማሪ ስለ ሥነ ምግባር ትምህርት ወስዷል። ፖሊስ ቢጠይቀው ሐምሌ 28 የት እንደነበረ ይጠይቀዋል፤ ሽማግሌ ቢጠይቀው የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቀዋል። እኔ ባገኘው የምጠይቀው ሐምሌ 27 ምን ሲሠራ እንደዋለ ነው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቀንም፣ ከዚያም በፊት በነበረው።